አድሚራሉና ያቺ አንድ ሰዓት

ጃንዋሪ 18 ቀን 1994፣ ኦስቲን፣ ቴክሳስ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ቦቢ ሬይ ኢንማን የሚባሉ ጡረታ የወጡ ባለአራት ኮከብ አድሚራል ጋዜጠኞች ፊት ቆመው አንድ ሰዓት ያህል ያወራሉ። ፕሬዚዳንት ክሊንተን ከወር በፊት ለመከላከያ ሚኒስትርነት አጭተዋቸዋል፤ ሴኔቱም ያለ ብዙ ችግር ያጸድቃቸዋል ተብሎ ነበር የሚጠበቀው። እሳቸው ግን ሹመቱ ይቅርብኝ አሉ። ምን ሆኑ? የኒውዮርክ ታይምሱ ዓምደኛ ዊሊያም ሳፋየር ጽፎባቸው ነው። ይባስ ብለው ሳፋየርና በሴኔቱ የሪፐብሊካኖቹ መሪ ቦብ ዶል ተመሳጥረውብኛል አሉ። ዶል ነገሩን ቅዠት ነው ብለው አጣጣሉት።

ኢንማን ሲነሱ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ይህቺ አንድ ሰዓት ናት። ዕድሜውን ሙሉ ስለላ ውስጥ የኖረ ሰው በጋዜጣ ዓምድ እንዲህ ይበግናል እንዴ? እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። አሁን ሳስበው ግን የበገኑት ስለላ ውስጥ ስለኖሩ ይመስለኛል።

ሰውየው በ1931 ቴክሳስ ገጠር ውስጥ ተወለዱ፣ በ19 ዓመታቸው ዩኒቨርሲቲ ጨረሱ። የባሕር ኃይል አካዳሚ ምሩቅ አይደሉም። ሙያቸው የባሕር ኃይል መረጃ ነበር፤ በዚያ መስመር አራት ኮከብ የደረሰ ሰው ከሳቸው በፊት አልነበረም። ከ1977 እስከ 1981 የውጭ መገናኛዎችን እየጠለፈ የሚሰልለውን የአሜሪካ ብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ መሩ፣ ከዚያ የሲአይኤ ምክትል ኃላፊ ሆኑ፣ በ1982 ወጡ። በዚህ ሁሉ ጊዜ የሁለቱም ፓርቲ ሰዎች ያሞግሷቸው ነበር። ጋዜጠኞችም ይወዷቸዋል፣ ምክንያቱም ስልክ ያነሳሉ፣ ያስረዳሉ። ሙገሳው ልክ ሊሆን ይችላል። ግን ሥራው ምስጢር ነው፤ ማን ከፍቶ ሊያየው?

ወደ ኢንዱስትሪው ሲገቡ ነገሩ ይጥማል። በ1982 ጃፓን አምስተኛው ትውልድ ያለችውን የኮምፒውተር ፕሮጀክት ጀመረች፣ የአሜሪካ ኩባንያዎችም ደነገጡ። እርስ በርስ ሲፎካከሩ የኖሩት እነ ኮንትሮል ዳታ፣ እነ ሃኒዌል፣ እነ ሞቶሮላ ተሰባስበው ኤምሲሲ የሚባል የጋራ የምርምር ድርጅት አቋቋሙ። በ1983 ኢንማንን በኃላፊነት ቀጠሩ። ለምን አንድ የስለላ አድሚራል? ማንም ማንንም በማያምንበት ክፍል ውስጥ ሰው ማስማማት የለመዱ ስለነበሩ ይመስለኛል። ድርጅቱን ለመውሰድ 57 ከተሞች ተሻሙ፣ ኦስቲን አሸነፈች። ተፎካካሪ ኩባንያዎች አብረው መሥራታቸው የፀረ ሞኖፖል ሕጉን ይነካል የሚል ስጋት ነበር፤ በ1984 ኮንግረስ ለእንዲህ ያለ የጋራ ምርምር ሕጉን አላላ።

እዚህ ጋ የምወዳት ነገር አለች። ኩባንያዎቹ ለጋራው ድርጅት ተመራማሪ ላኩ ሲባሉ ጎበዞቻቸውን ደብቀው የማይፈልጉትን ሰው መላክ ጀመሩ። (ሥራ ቦታ ላይ ኮሚቴ አዋቅሩ ተብሎ ያየ ሁሉ ይህን ያውቀዋል።) ኢንማን ብዙዎቹን አልቀበልም ብለው ከውጭ ቀጠሩ። በኔ ሚዛን ከኮከቦቹ ሁሉ ይህቺ ትበልጣለች።

ከዚያ በኋላ ያለው ብዙ አያኮራም። በ1986 ኤምሲሲን ትተው ዌስትማርክ የሚባል ኩባንያ ያዙ፣ በዓመቱ ትሬኮር የተባለውን የመከላከያ ኤሌክትሮኒክስ አምራች በብድር ገዙ። የብድሩ ጫና ከባድ ነበር። እሳቸው ከወጡ በኋላ በ1991 ትሬኮር የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ቦርዱ ውስጥ የተቀመጡበት ሌላ የጦር መሣሪያ ኩባንያ ደግሞ መሥራቹ በማጭበርበር ተፈረደበት፣ ኢንማንም ለዳኛው ስለ ሰውየው አገር ወዳድነት ደብዳቤ ጽፈውለት ነበር። ሳፋየር ኢንማን ለሚኒስትርነት ከታጩ በኋላ ይህን ሁሉ እያወጣ ዘረገፈው። ሳፋየር የእስራኤል ደጋፊ ነበርና ቂምም ነበረበት፤ በ1981 እስራኤል የኢራቅን ኒውክሌር ማብላያ ስትደበድብ፣ ለእስራኤል የሚሰጠውን የሳተላይት ፎቶ የገደቡት ኢንማን ነበሩ። ቂሙ እንዳለ ሆኖ ጥያቄዎቹ ግን ተገቢ ነበሩ። እንዲህ በአደባባይ ተጠይቀው የማያውቁ ሰው ግን ጥያቄውን ከሴራ መለየት አቃታቸው። በምትካቸው የታጩት ዊሊያም ፔሪ በሴኔቱ 97 ለ0 አለፉ።

እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ኤምሲሲን እየመሩ ሳለ፣ በ1983 እና በ1984 ቤሩት ላይ የአሜሪካ ኤምባሲ በቦምብ ከተመታ በኋላ፣ የኤምባሲዎችን ደኅንነት የሚያጠና ቡድን ሰብሳቢ ተደረጉ። በጁን 1985 ሪፖርቱ ወጣ። ከሱ የመጣው መመዘኛ ቀላል ነው፦ ሕንፃው ከመንገድ 30 ሜትር ያህል ይራቅ። እንዲህ የተሠሩ ኤምባሲዎች እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራሉ። ኮንግረስ ግን ገንዘቡን እያጠበበ ሄደ፣ ብዙዎቹ አሮጌ ሕንፃዎችም ሳይተኩ ቀሩ።

አንዱ ናይሮቢ ነበር፣ የሞይ ጎዳናና የኃይለ ሥላሴ ጎዳና የሚገናኙበት ማዕዘን ላይ፣ መንገዱ አፍ ሥር። ኦገስት 7 ቀን 1998 ቦምብ የጫነው መኪና ጓሮው ድረስ ገባ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ፣ አብዛኛው ኬንያዊ። ሪፖርቱ ያኔ 13 ዓመት አልፎት ነበር።