ለክቡር የሰዓት ለውጥ፣ ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ ከእንቅልፍ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

እርስዎ አያውቁኝም፤ እኔ ግን በደንብ አውቅዎታለሁ። ሜሪላንድ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ አስተምራለሁ። በየዓመቱ በማርች ሁለተኛው እሑድ፣ በፈረንጅ ከሌሊቱ 2 ሰዓት ላይ ይገቡና ሰዓቱን ወደፊት ገፍተው 3 አድርገው አንድ ሰዓት ይዘውብኝ ይሄዳሉ። ሌባ አላልኩም፤ ምላሴ ይቆረጥ። ሌባ ፖሊስ ይጠራበታል። እርስዎን ግን የሚያጅብዎ ሕግ ነው።

እሑዱን እንደምንም እናልፈዋለን። አመጣጥዎ ብዙ ጊዜ ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል። የዚያን ቀን ቅዳሴው ሊያልቅ ሲል የሚደርስ ሰው ሁሉ ምክንያቱ አንድ ነው፦ «ሰዓት ተቀይሮብኝ!» ባለፉት እሑዶችስ ምን ተቀይሮበት እንዳረፈደ የሚጠይቀው የለም። ከሰኞ ጀምሮ እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙትማ በሆዳቸው ይመርቁዎታል። ስልኩ 3 ሲል፣ በእኛ 9 ሰዓት መሆኑ ነው፣ ሽሮው ይቀርባል። በቅዳሜዋ ፀሐይ ግን ገና 8 ሰዓት ነው። የቱ ነው የሚቆጠረው ብሎ ቄሱን የጠየቀ ሰው እስካሁን አላየሁም። መልሱን ሁላችንም እንፈራዋለን።

ጉዱ ሰኞ ነው። በፈረንጅ 8 ሰዓት ሳይሞላ ክፍል ውስጥ ነን። ከመስኮቱ ውጭ ፀሐይዋ ገና ብቅ ማለቷ ነው። ከፊት ያለችው ልጅ አገጯን በመዳፏ ደግፋ ዓይኗን ከፍታ ተኝታለች። ከኋላ ያለው የሹራቡን ኮፍያ እስከ አፍንጫው ጎትቷል። መሀል ላይ አንዱ እርሳሱን እንደያዘ እንቅልፍ ወስዶት፣ እጁ ሲንሸራተት ወረቀቱ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ እየወረደ የሚሄድ ረጅም መስመር አስምሯል። ጥያቄው «ስሎፑ ኔጋቲቭ የሆነ መስመር ሣሉ» የሚል ነበር። ሙሉ ማርክ ሰጠሁት። ምን ላድርግ?

የስልክ ሰዓት በራሱ ይቀየራል። የመኪናዬና የማይክሮዌቬ ሰዓት አይቀየሩም፤ እነሱን ትቻቸዋለሁ። የክፍሌ የግድግዳ ሰዓት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከሰሌዳው በላይ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። ያለ መሰላል አይደረስበትም፣ መሰላሉ ደግሞ ያለ ጥገና ክፍል ፈቃድ አይነካም። ኢሜይል ጻፍኩ። ተራህ ሲደርስ እንመጣለን አሉኝ። ሒሳቡን ሠራሁት፤ ተራዬ የሚደርሰው ኖቬምበር አካባቢ ነው፣ ያኔ ደግሞ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚመለስ የግድግዳው ራሱ ልክ ይሆናል። እስከዚያው ድረስ አርፍዶ የሚገባ ተማሪ ሁሉ ጣቱን ወደ ግድግዳው ይቀስራል። በግድግዳው ሰዓት ከሆነ እኮ አላረፈደም። እንዲያውም ቀድሞ ስለመጣ ምስጋና ይጠብቃል።

አሁን ወደ እናቴ ልምጣ፤ ቅሬታዬ እዚህ ላይ ይብሳል። እናቴ አዲስ አበባ ናት። የምትደውልልኝ ከምሳ በኋላ ቡናዋን ጠጥታ ነው። በእሷ ሰዓትና በእኔ ሰዓት መካከል ያለው ስሌት ደግሞ ቀላል ነው፦ በብርዱ ወራት ከእሷ ሰዓት ላይ ሁለት መቀነስ፣ በሙቀቱ ወራት አንድ መቀነስ። እሷ የያዘችው «ሁለት ቀንስ» የሚለውን ብቻ ነው። እሷ ጋ 9 ሰዓት ሲሆን እኔ ጋ በፈረንጅ ጠዋት 7 ነው፤ ትምህርት ቤት ደርሼ መኪናዬን አቁሜ ትንሽ እናወራለን። ማን ሞተ፣ ማን ወለደ፣ ሽንኩርት ስንት ገባ።

ከዚያ እርስዎ መጡ። 9 ሰዓት እኔ ጋ 8 ሆነ፤ ማለትም የመጀመሪያው ፔሬድ መሀል። እኔ ደግሞ የተማሪ ስልክ እየሰበሰብኩ ሳጥን ውስጥ የምከት ሰው ነኝ። የጠረጴዛዬ መሳቢያ ጮኸ። ያ ሁሉ የተኛ ሕዝብ ባንዴ ነቃ። ያቺ ዓይኗን ከፍታ ስትተኛ የነበረችው ልጅ ቀስ ብላ ተነሣችና፣ በሁለት እጇ፣ በታላቅ አክብሮት ሳጥኑን አመጣችልኝ።

ማታ ደውዬ ነገሩን አስረዳኋት።

«ማነው ሰዓቱን የቀየረው?»

«መንግሥት ነው፣ እማዬ።»

«ፀሐይዋስ እሺ አለች?»

እስቲ ለዚህ ምን ይመለሳል? እሷ ባለችበት አገር ፀሐይ ስትወጣ 12 ሰዓት ነው፣ ስትገባም 12 ሰዓት ነው። ቀኑ ዓመቱን ሙሉ ብዙም አይረዝም፣ ብዙም አያጥር። ክቡርነትዎ እዚያ ቢሄዱ ሥራ ፈት ነው የሚሆኑት።

እኅቴ ፍራንክፈርት ናት። እሷ ጋ የሚደርሱት በማርች የመጨረሻው እሑድ ስለሆነ፣ በመሀል ባሉት ሁለት ሦስት ሳምንታት የቤተሰባችን ጥሪ ላይ ማንም ማንንም አያገኝም። ዱባይ ያለው ወንድሜ ንክች አይልም፤ እዚያ አይሄዱም። እኛ ስንተራመስ እሱ ይስቃል።

ዘር ማንዘርዎንም አጣርቻለሁ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1895 ኒው ዚላንድ ውስጥ ጆርጅ ሃድሰን የሚባል የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነበር። ሰውየው ነፍሳት መሰብሰብ ነፍሱ ነው። ከሥራ በኋላ ብርሃን እንዲተርፈው ሰዓቱ በሁለት ሰዓት ወደፊት ይገፋ ብሎ ሐሳብ አቀረበ። የእኔ እንቅልፍ የሄደው ለጥንዚዛ ነው ማለት ነው። ጀርመን በ1916 በጦርነቱ መሀል ተቀበለችዎ፣ አሜሪካ በ1918። «ለገበሬው ሲባል ነው» እያሉ የሚሟገቱልዎ አሉ። ገበሬው ግን ዋና ተቃዋሚዎ ነበር፤ ላም በምክር ቤት ውሳኔ አትታለብም። በ1919 ሕግዎን አሰርዞታል። እርስዎ ግን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተመልሰው መጡ፣ በ1966 ደግሞ በሕግ ጸኑ።

በጃንዋሪ 1974 ነዳጅ ይቆጠብ ተብሎ ዓመቱን ሙሉ እንዲቀመጡ ተፈቀደልዎ። ልጆች በድቅድቅ ጨለማ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ወላጅ አበደ፤ ዓመቱ ሳያልቅ ነገሩ ተሰረዘ። በማርች 2022 ሴኔቱ ይኼ መቀያየር ይቅርብን ብሎ ያለ አንድ ተቃውሞ አሳለፈ። የተወካዮች ምክር ቤት ድምፅ እንኳ ሳይሰጥበት ቀረ። እዚህ አገር ሁለቱ ፓርቲዎች በአንድ ነገር ሲስማሙ ማየት ብርቅ ነው። እርስዎን በመጥላት ተስማሙ፣ እርስዎ ግን ይኸው ይመጣሉ። ጉድ እኮ ነው።

«ኖቬምበር ላይ እመልስ የለም ወይ?» ይሉኝ ይሆናል። ይመልሳሉ፤ መቼ ካዱ። ግን የሚመልሱት ተኝቼ እያለሁ ነው። ቤት ያሉት ልጆቼ ደግሞ ስለ እርስዎ የሰሙት ነገር ስለሌለ በድሮው ሰዓት ተነሥተው ቁርስ ይላሉ። ወለዱን ደግሞ በከሰዓት በኋላዬ ያስከፍሉኛል። ዲሴምበር ላይ የፈተና ወረቀት አርሜ ቀና ስል፣ በፈረንጅ 5 ሰዓት ላይ ፀሐይ የለችም።

ልመናዬ ትንሽ ናት። ይቅሩ አልልም፤ ሴኔት ያቃተውን እኔ አልችለውም። አንድ ሰዓት መውሰድ ግድ ከሆነ ግን ከእንቅልፌ ላይ አይውሰዱ። ሰኞ ከሰዓት በኋላ በፈረንጅ 3 ሰዓት ላይ የመምህራን ስብሰባ አለን። በኢሜይል ሊላክ የሚችል ነገር ስክሪን ላይ ተለጥፎ ቃል በቃል ይነበብልናል። ልክ ሲጀመር ይምጡ፣ ሰዓቱን 4 ያድርጉት፣ እኛም ወደየቤታችን እንሂድ። ያንን ሰዓት እንዲመልሱልኝም አልጠይቅም።

ከሰላምታ ጋር
የመጀመሪያው ፔሬድ ሒሳብ መምህር

ግልባጭ፦
ለሃዋይና (ከነባሮቹ ሕዝቦች ከናቫሆዎች ምድር በስተቀር) ለአሪዞና፣ ክቡርነታቸውን በራችሁ ስለማታስገቡ፣ የሒሳብ መምህር የምትቀጥሩ ከሆነ እንድታሳውቁኝ
ለጥገና ክፍል (ከመሰላል ጋር)