ይድረስ ለካን፣ ለኩድ እና ለመላው ቤተሰባቸው

ይድረስ ለክቡራን ካን፣ ኩድ፣ ሜይ፣ ማይት፣ ዊል፣ ዉድ፣ ሻል፣ ሹድ እና ማስት። ባላችሁበት።

ለጤናችሁ እንደምን ሰንብታችኋል? እኔ ከእናንተ ጣጣ በስተቀር ደህና ነኝ። ጎንደርም ደህና ናት። ፋሲል ግንብ እንደቆመ ነው። ፒያሳ በባጃጅ እንደተጨናነቀ ነው። እኔም እንደ ወትሮዬ ግንቡ በር ላይ ቆሜ ፈረንጅ እጠብቃለሁ። አስጎብኚ ነኝ። እንጀራዬ በእናንተ እጅ ስለሆነ ነው ብዕር ያነሳሁት።

የእንግሊዝኛ ሰዋስው መምህራን «አጋዥ ግስ» ይሏችኋል። ማንን ነው ያገዛችሁት? እስቲ አንድ ሰው ጥሩ።

ጸባችን የጀመረው ገና ተማሪ ሳለሁ ነው። የእንግሊዝኛ ጥያቄ በዱ ይጀመራል ተባልን። ዱ ዩ ላይክ፣ ዱ ዩ ኖው፣ ዱ ዩ ሃቭ። ዱን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላችን ያዝነው። ከዚያ እናንተ መጣችሁ። ዱ አጠገባችን እንዳይደርስ አላችሁ። «ዱ ዩ ካን» ያለ ተቀጣ። «ሺ ካንስ» ያለም ተቀጣ። «ካን ቱ ጎ» ያለም አልተረፈም። ከዱ ተኳርፋችሁ፣ ከኤስ ተኳርፋችሁ፣ ከቱ ተኳርፋችሁ፤ ማዕድ የምትቆርሱት ከማን ጋር ነው? ጥያቄ ሲሆን ደግሞ ከባለቤቱ ቀድማችሁ ፊት ትቆማላችሁ። ጎንደር ውስጥ ከባለቤቱ ቀድሞ ቤት የሚገባ እንግዳ ስም ይወጣለታል።

አንድ የክፍል ጓደኛችን ሽንት ይዞት እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ካን አይ ጎ አውት?» አለ። መምህራችን ፈገግ ብለው «አይ ዶንት ኖው። ካን ዩ?» አሉት። ካን ለመቻል፣ ሜይ ለፈቃድ ነው ባይ ናቸውና «ሜይ» እስኪል እየጠበቁ ነው። ልጁ ሜይን እስኪያስታውስ ጉዳዩ አለቀ። ሱሪውም አብሮ አለቀ። አሁን ከስንት ዓመት በኋላ የማስጎበኛቸው እንግሊዞች በሙሉ «ካን አይ» ሲሉ እሰማለሁ። የዚያን ልጅ ሱሪ ማን ይክፈል?

ሻል፣ አንተ ደግሞ ብቻህን ትጠየቃለህ። አንድ ቱሪስት የእኛን በርበሬ ደፍሮ ሌሊቱን ሲሰቃይ አደረ። ጠዋት ከሆቴሉ ወጣ፣ ቦርሳውን አነገተ፣ አየኝና «ሻል ዊ?» አለኝ። አማርኛ የለመደ መሰለኝ። «ሻል አለህ? እግዚአብሔር ይመስገን!» ብዬ እጁን ጨበጥኩት። እሱ ግን ቆሞ ይጠብቃል። ለካ «እንሂድ?» ማለቱ ነው። መሄድ የሚለው ግስ ግን አልመጣም። ግሱ የት ሄደ? አጋዡ ብቻውን መጥቶ ታጋዡ ቀረ።

ዉድ እንደ ስሙ ውድ ነው። ብዙ ነው ያስከፈለኝ። አንዲት ደግ አሮጊት ይዤ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገባሁ። ጣሪያው ላይ ያሉትን የመላእክት ፊቶች ቀና ብለው ሲያዩ ቆዩና መቀመጥ አማራቸው። ወደ እኔ ዞረው «ዉድ ዩ ማይንድ ዌይቲንግ?» አሉኝ። እኔ የሰማሁት «ዌይቲንግ» የምትለዋን ብቻ ነው። ለእሳቸው ያልጠበቅኩ ለማን ልጠብቅ! «የስ! የስ! ቬሪ መች!» አልኳቸው።

አሮጊቷ ቀሉ። «ሶሪ፣ ሶሪ» እያሉ ተነስተው ወጡ። እኔ እየተከተልኩ «የስ፣ ኖ ፕሮብሌም» እላለሁ። መላእክቱ ዓይናቸውን አፍጥጠው ያዩኛል። ያን ቀን ጉርሻ አልነበረም። ማታ ነው አንድ የሥራ ባልደረባዬ እየሳቀ የነገረኝ። ጥያቄው «ብትጠብቀኝ ቅር ይልሃል?» ነው። እሺ ለማለት «ኖ» ይባላል። እርግጥ እኛም «ቅር ካላለዎት» እንላለን። ግን እሺ ያለን ሰው አኩርፏል አንልም።

ኩድ፣ አንተን በዘር ቆጠራ ነው የምይዝህ። ሆድህ ውስጥ ያለችው ኤል የምትባል ፊደል የማን ናት? ዉድ ከዊል ወረሳት። ሹድ ከሻል ወረሳት። አባትህ ካን ግን ኤል የሚባል ነገር የለውም። አንተም ጥንት አልነበረችህም። ጎረቤቶችህን አይተህ ነው የለበስካት። በተውሶ ጋቢ ሠርግ ትሄዳለህ፤ ለዚያውም ድምፅ የላት፣ አትነበብም። እሱ ሳያንስ የካን ኃላፊ ጊዜ ነው ብለው አስተማሩን። አንዲት ቱሪስት «ኩድ ዩ ኸልፕ ሚ?» ስትለኝ ድሮ ትረዳ ነበር ወይ የምትል መስሎኝ፣ ስለ ወጣትነት ጉልበቴ ሳወራላት ሻንጣዋን ራሷ ተሸከመችው።

እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ የእናንተ ብቻ አይደለም። እኛ አክብሮትን በተውላጠ ስም እንጨርሳለን። አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ ለትልቅ ሰው ደግሞ አንቱ። ደጅ ቆመን «ቤቶች!» ብንል ይበቃል። «ልግባ?» ካልን ያቺ አንዲት «ል» የሜይን ሥራ ጨርሳዋለች። እንግሊዞችም «ዛው» የምትባል «አንተ» ነበረቻቸው። «ዩ» ደግሞ ለብዙ ሰው እና ለተከበረ ሰው ነበር። አፄ ፋሲል እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1636 እዚህ ከትመው ግንብ ባስገነቡበት በዚያው ክፍለ ዘመን፣ እነሱ ዛውን ከዕለት ንግግር እያስወጡ ነበር። እኛ ስንገነባ እነሱ ያፈርሳሉ። ንጉሡም ዩ፣ ውሻውም ዩ ሆነ። ሜዳ ላይ የቀረው አክብሮት ሁሉ እናንተ ጫንቃ ላይ ወጣ። ለዚህ ነው ጨው የሚፈልግ ሰው «ካን ዩ ፓስ ዘ ሶልት?» ብሎ ስለ ችሎታዬ የሚጠይቀኝ። ሰሙ መቻል፣ ወርቁ ጨው። ቅኔ ቤት እንኳ ለጨው እንዲህ አይደክሙም።

ትናንት ልጄ ከትምህርት ቤት መጣች። ፊት ለፊቴ ቆማ «ዳዲ፣ ኩድ አይ ሃቭ ሃምሳ ብር?» አለችኝ። «የስ፣ ዩ ኩድ» አልኳትና ቡናዬን ቀጠልኩ። ጠበቀች። እኔም ጠበቅኩ። በመጨረሻ በእግሯ መሬት መታ «ስጠኝ እንጂ አባዬ!» አለች። ሰጠኋት።

ለዚህ ደብዳቤ መልስ ብትጽፉልኝ ቅር ይላችኋል? «ኖ» ካላችሁ አሁን ይገባኛል።

አክባሪያችሁ
ግንቡ በር ላይ የሚቆመው አስጎብኚ
ጎንደር