ፊርማው አንድ፣ ደመወዙ ለየቅል

ባለፈው ሰሞን አዲስ አበባ የሚሠራ አንድ ወጣት የአውሮፕላን ጥገና ቴክኒሻን ደውሎ፣ «ጋሼ፣ ሳይደብቁ ይንገሩኝ፤ እዚያ ለመካኒክ ስንት ይከፈላል?» አለኝ። አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ሌሊት ሌሊት አውሮፕላን ስጠግን ዓመታት ስላስቆጠርኩ ይህ ጥያቄ ለእኔ አዲስ አይደለም። አብዛኞቻችን ግን ቁጥሩን ነግረን ስልኩን ስለምንዘጋ፣ ጠያቂው የያዘው መልስ ጎዶሎ ሆኖ ይቀራል።

የአሜሪካ የሠራተኛ ስታትስቲክስ ቢሮ እ.ኤ.አ. ለ2023 ባወጣው መረጃ መሠረት ከአውሮፕላን መካኒኮች ግማሾቹ በዓመት ከ75 ሺህ ዶላር በላይ፣ ግማሾቹ ደግሞ ከዚያ በታች ያገኙ ነበር። በትልልቆቹ አየር መንገዶች የደመወዝ እርከኑ ጣሪያ ላይ የደረሰ ሰው ትርፍ ሰዓት ሳይጨመርለት 100 ሺህ ዶላርን ያልፋል። ይህን በብር መምታት ቀላል ነው፤ በተለይ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ሥርዓቱ ለገበያ ከተለቀቀና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ካለፈ ወዲህ ስሌቱ ያስደነግጣል። ሆኖም የቤት ኪራዩ፣ ግብሩ፣ የጤና መድኅኑና የልጆች መዋያው የሚከፈሉት በዚያው በዶላር ነው። መሣሪያም አለ። አገር ቤት ስሠራ ካቻቢቴውንም ቶርክ ሬንቹንም (ብሎን በልኩ የሚያጠብቀውን መፍቻ) ከመሣሪያ ክፍል ፈርሜ እወስድና ማታ እመልስ ነበር፤ እዚህ ግን መካኒኩ የእጅ መሣሪያውን ከነሣጥኑ በራሱ ገንዘብ ይገዛል፤ እኔም የመጀመሪያዎቹን ወራት ደመወዜን ለፒንሳና ለመፍቻ ስገብር ከርሜአለሁ።

ከገንዘቡ ይልቅ እኔን የሚያስቀናኝ የመንገዱ ግልጽነት ነው። የሠራተኛ ማኅበር ባለበት አየር መንገድ የደመወዝ እርከኑ በውል ላይ ታትሞ ስለሚገኝ፣ ዛሬ የተቀጠረ መካኒክ በአምስተኛው ዓመት በሰዓት ስንት እንደሚያገኝ ከወዲሁ ያውቃል፤ ለላይሰንሱም፣ ማለትም ለሙያ ፈቃዱ፣ ተጨማሪ ክፍያ የሚታሰብለት ቦታ አለ። ፈረቃ የሚመረጠው በአገልግሎት ዘመን ቅደም ተከተል በመሆኑ አዲስ ገቢ ሌሊቱንና የዕረፍት ቀኑን ይወርሳል። ከባድ ነው፤ ቢሆንም ማን ምን እንደሚደርሰው ሁሉም ያውቃል።

ወደዚያ መንገድ የሚያስገባው በር ግን ወረቀት ነው። «ኤ ኤንድ ፒ» የተባለውን፣ የአውሮፕላን አካልና ሞተር ለመጠገን የሚሰጠውን የአሜሪካ ላይሰንስ በሥራ ልምድ ለማግኘት በአካሉም በሞተሩም ላይ ቢያንስ 30 ወር መሥራትን በማስረጃ ማሳየት፣ ከዚያም የጽሑፍ፣ የቃልና የተግባር ፈተናዎችን ማለፍ ያስፈልጋል። ቀድሞ እሠራበት የነበረ አንድ ድርጅት የሰጠኝ የልምድ ደብዳቤ «በቴክኒሻንነት አገልግሏል» ከማለት በቀር በየትኛው አውሮፕላን ላይ ምን እንደሠራሁ አይዘረዝርም ነበር። የተሟላው እስኪደርሰኝ ድረስ ከአንድ ዓመት በላይ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ቲኬት ቆረጥኩ። አጠገቤ ይሠራ የነበረው ሰውም ሞተር ፈትቶ የገጠመ ባለሙያ ነበር፤ እሱ ወረቀቱን እስከዛሬ አላገኘም። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

በሙያ ደረጃ አገር ቤት ያለው ልጅ ከማንም አያንስም። ቦይንግ 787 ድሪምላይነር ወደ አፍሪካ መጀመሪያ የገባው እ.ኤ.አ. በ2012፣ ኤርባስ ኤ350 ደግሞ በ2016 በኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው። ቦሌ ሃንጋር ውስጥ አውሮፕላን ወለሉ ተነሥቶ፣ ሽቦው ወጥቶ ሲፈተሽ ያየ ወጣት፣ እኔ እዚህ ጎማና ፍሬን እየቀየርኩ በዓመታት የማላገኘውን ትምህርት በጥቂት ወራት ይቀስማል። የባሕረ ሰላጤው አገሮች አየር መንገዶችም ይህን ያውቃሉ፤ በላይሰንሱ ላይ የአውሮፕላኑ ዓይነት የተመዘገበለትን ባለሙያ ቤት ኪራይ ጨምረው ይወስዱታል።

በእኔ እምነት አገር ቤትም የደመወዝ ጭማሪው ከላይሰንሱና ባለሙያው ፈርሞ ለበረራ ሊለቃቸው ከሚችላቸው የአውሮፕላን ዓይነቶች ጋር በግልጽ መታሰር አለበት። ሠራተኛው ቶሎ እንዳይለቅ የሚያስሩት የግዴታ ውልና ዋስ ሰውን የሚያቆዩት ውሉ እስኪያበቃ ነው፤ የሚሄደው ደግሞ ሌላውን ማስተማር በሚችልበት ዕድሜው ላይ ነው። ቢሾፍቱ አጠገብ ለሚገነባው አዲስ አየር ማረፊያ ብዙ እጅ ያስፈልጋል፤ ያንን እጅ የሚያሠለጥነው ይኸው ሰው ነበር።

ለወጣቱ ቁጥሩን ነገርኩት። ቀጥዬም፣ ብትሄድም ብትቀርም የሠራኸውን በየቀኑ መዝግብ፤ የአውሮፕላኑን ዓይነት፣ ሥራውን፣ ሰዓቱን ጻፍ፤ አለቃህንም አስፈርም አልኩት። በሦስተኛው ቀን የደብተሩን የመጀመሪያ ገጽ ፎቶ አንሥቶ ላከልኝ፦ «787፣ የፊት ጎማ ቅያሬ፣ ሌሊት 8 ሰዓት።» ከሥሩ የአለቃው ፊርማ አለ።