የሰው ወርቅ አያደምቅ፦ ለሐዋሳ ወላጆችና መምህራን

የሐዋሳ ወላጆች፣ ዛሬ ሳንሸፋፈን እንነጋገር። የልጆቻችሁን ሥራ ከእጃቸው እየቀማችሁ ነው።

በክወናና እይታ ጥበባት ክፍለ ጊዜ ልጆቹ «ከተጣለ ዕቃ የአንገት ጌጥ ወይም አምባር ሠርታችሁ ኑ» ይባላሉ። ትእዛዙ ግልጽ ነው። ዕቃው የተጣለ ይሁን፣ ሠሪው ልጁ ይሁን። ቤት ሲደርስ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። አባት ከሱቅ አዲስ ሃይላንድ ይገዛና ውሃውን ደፍቶ ባዶውን ለልጁ ያቀብላል። እናት ገበያ ወርዳ አዲስ ጨሌ ከነክሩ ገዝታ ትመጣለች። የባሰባቸው ለሰው ከፍለው ያሠራሉ። አንድ የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ ውስጥ ቆሜ፣ አንዲት እናት «ለሦስተኛ ክፍል የሚሆን የሪሳይክል ሐብል አላችሁ?» ብላ ስትጠይቅ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ባለሱቁ ግር እንኳን አላለውም። ያለቀለት ሐብል በላስቲክ እንደታሸገ ከመደርደሪያው ወረደ። ልጅቷ እዚያው አጠገቧ ቆማለች። የትኛውን ትወጃለሽ ብሎ የጠየቃት የለም።

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላሉ አባቶቻችን። ያቺ ልጅ ከ10 10 ብታገኝም ውጤቱ የእሷ እንዳልሆነ ልቧ ያውቀዋል። ከዚያ የቤት ሥራ የምትማረው የራሷ እጅ እንደማይረባ ነው። ይህን ያስተማርናት ደግሞ እኛው ነን።

ሰበባችሁን አውቀዋለሁ። «እሱ የሠራው አያምርም፣ ሰው ፊት ያሳፍረናል» ትላላችሁ። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም የሚለው ተረት በየቤታችን አለ። ይሄ ግን እራት አይደለም። ዶቃው ቢንሻፈፍ ጦሙን የሚያድር የለም።

ለመሆኑ ልጅ ከወረቀት ዶቃ ሲሠራ አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የአሮጌ መጽሔት ገጽ ወይም ያለፈ ዓመት ካላንደር ያነሳል። በማስመሪያ ለክቶ ረጅም ሦስት ማዕዘን ይቆርጣል። ሰፊው ጫፍ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ርዝመቱ 25 ቢሆን ጥሩ ነው። ሰፊውን ጫፍ ስቴኪኒ ላይ ያሳርፍና መጠቅለል ይጀምራል። የመጀመሪያው ዙር ያመልጠዋል። እንደገና ይጀምራል። ካላጠበቀው መሐሉ ይላላል። አካሄዱ ከተጣመመ ደግሞ ዶቃው ወደ አንድ ጎን ሾልኮ ይወጣል። ትንፋሹን ውጦ ነው የሚጠቀልለው። ሲጨርስ ሹሉን ጫፍ በኮላ ይለጥፍና ስቴኪኒውን ቀስ አድርጎ ይመዘዋል። መሐሉ ወፈር፣ ጫፍና ጫፉ ቀጠን ያለ ዶቃ እጁ ላይ ይቀራል። ወረቀቱን ቢያስረዝመው ዶቃው ይወፍራል። ሰፊውን ጫፍ የበለጠ ቢያሰፋው ዶቃው ይረዝማል። ይህን ማንም ሳይነግረው፣ ጥቂት ዶቃ ካበላሸ በኋላ ራሱ ይደርስበታል። ከሱቅ ሐብል የገዛችሁለት ቀን ያስቀራችሁበት ይህንን ነው።

ሌላው የሚያንገበግበኝ «ቆሻሻ አንገትህ ላይ አታንጠልጥል» የሚለው ቁጣ ነው። ከእኛ ወደ ደቡብ፣ ኦሞ ወንዝ ቱርካና ሐይቅ በሚገባበት አካባቢ የሚኖሩት ዳሰነቾች ቆርኪ ደርድረው የራስ ጌጥ ይሠራሉ። የተበጠሰ የሰዓት ማሰሪያም ይገባበታል። የውጭ ሰው ካሜራውን አንግቶ የሚመጣው ያንን ለማየት ጭምር ነው። አያቶቻችን ያጌጡበት የብር መስቀልና አምባርስ? ስንቱ የማርትሬዛ ብር ቀልጦ የወጣ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ከጥይት ቀለሃ በተሠራ ዶቃ ሐብል እየሠሩ የሚተዳደሩ ሴቶች አሉ። ሥራቸው ባሕር ማዶ ድረስ ይሸጣል። እና የእናንተ ልጅ ቆርኪ አንገቱ ላይ ቢያደርግ ምኑ ነው የሚያሳፍረው?

እኛ ደግሞ የሐይቅ ዳር ሰዎች ነን። ሐዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውሃ ይገባበታል፣ የከተማው ጎርፍ ይገባበታል፣ ከውስጡ የሚወጣ ወንዝ ግን የለውም። ውሃው ይተናል፤ ፕላስቲክ አይተንም። ክረምት ላይ ጎርፍ ከየቦዩ ጠርጎ የሚወስደው ሃይላንድና ፌስታል እዚያው ይቀራል። አሞራ ገደል ቁጭ ብለን ዓሳ የምንበላውም ከዚሁ ውሃ ነው። አንድ አምባር ሐይቁን ያጸዳል ብዬ አላታልላችሁም። ግን አዲስ ሃይላንድ ገዝቶ፣ ውሃውን ደፍቶ፣ ይሄ ሪሳይክል ነው ማለት በልጅ ፊት መዋሸት ነው። ልጆች እንዲህ ያለውን ነገር ከምታስቡት በላይ ያስተውላሉ።

ዕቃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ቆርኪ ከግሮሰሪው በር ላይ ነው። ቁርጥራጭ ጨርቅ ልብስ ሰፊው ጋ ሞልቷል፣ ብትጠይቁት አይከለክልም። ቆራሌው ሲያልፍ ጠርታችሁ ጆንያው ውስጥ ምን እንዳለ ልጁ ይይ። ሐይቅ ዳር የተጣለ የመረብ ክር ደግሞ ታጥቦ ሲደርቅ ለዶቃ መሰካት ጠንካራ ነው።

ተዉላቸው ስል ግን ዞር በሉ ማለቴ አይደለም። የአዋቂ ቦታ አለ። ቆርኪ በመዶሻ ሲጠፈጠፍና በሚስማር ሲበሳ ሚስማሩን የምትይዙት እናንተ ናችሁ። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉት፣ አለዚያ አንገት ይቆርጣል። ቨርኒሽ ካለ ግቢ ውስጥ፣ አየር ባለበት ቀቡት። ባትሪ ድንጋይ አታስከፍቷቸው፣ የመርፌ ብልቃጥም አታስነኳቸው። ከሁሉም በላይ እሳት። መዳብ ለማውጣት ብሎ የመብራት ሽቦ የሚያቃጥል ልጅ አይቼ ደሜ ፈልቷል። የሽቦው ፕላስቲክ ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ መርዝ ነው። ሽቦው በቢላ ይላጣል፣ ቢላውንም አዋቂ ይይዛል።

መምህራን፣ ከእናንተም ጋር ቅያሜ አለኝ። በአንድ ክፍል ስንት ልጅ እንደታጨቀ አውቃለሁ። መቀስ እንደማይዳረስም አውቃለሁ። ግን ከፍተኛውን ማርክ ለሚያብለጨልጨው እስከሰጣችሁ ድረስ ወላጅ ከመግዛት አይመለስም። የምታርሙት የወላጅን ኪስ ሆኗል። ተንሻፎ የመጣውን ሐብል በክፍሉ ፊት አንስታችሁ «ይሄ ምንድን ነው?» ማለትም ይቁም። ያ ልጅ ከዚያ በኋላ እጁን ለምንም ሥራ አይዘረጋም። የምታጣሩበት መንገድ አለ። ዶቃ ያመጣውን ልጅ አንድ ወረቀት ሰጥታችሁ «እስቲ አንዷን እዚሁ ጠቅልልልኝ» በሉት። የሠራ ልጅ ይጠቀልላል። ማርኩን ለዚያ ስጡ። ከተቻለም ሥራው ከነጭራሹ ወደ ቤት አይሂድ፣ ሁለት ክፍለ ጊዜ ወስዳችሁ ክፍል ውስጥ አሠሩት። በቡድን ሲሆን መቀሱም ይዳረሳል።

ርእሳነ መምህራንም አንድ ነገር አድምጡኝ። የወላጆች ቀን ሲያልቅ የልጆቹ ሥራ ጆንያ ውስጥ ታጭቆ ከግቢው ጀርባ ይቃጠላል። ከተጣለ ዕቃ ተሠርቶ፣ ታይቶ፣ ተጨብጭቦለት፣ መልሶ ይጣላል፤ እሳቱ ደግሞ ፕላስቲኩን ጭምር ነው የሚያነደው። ይሄ ልጆቹን መናቅ ነው። በእያንዳንዱ ሥራ ላይ ስማቸውን ጽፋችሁ መልሱላቸው። ቦታ ካላችሁ ደግሞ ጥቂቱን ቢሮ ግድግዳ ላይ ስቀሉ፣ የሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ምን መሥራት እንደሚቻል ይይበት። እናንተም ወላጆች፣ ቤት ሲመጣላችሁ መሳቢያ ውስጥ አትወርውሩት። ልጁ ለእናንተ ብሎ ከሠራው አድርጉት፣ አድርጋችሁም ከቤት ውጡ።