የሉፐስ ኩላሊት ሕመም ድምፁን አጥፍቶ ያገረሻል

ሉፐስ ኩላሊቱን የነካበት ሰው በጣም የሚናፍቀው ሐኪሙ «ሕመሙ ተኝቷል» የሚልበትን ቀን ነው። የእግሩ እብጠት ጎድሏል። በሽንት የሚወጣው ፕሮቲን ቀንሷል። ደስ ይላል፣ ደስ ሊልም ይገባል። እኔን የሚያሳስበኝ በዚያው ቀን ሳይነገር የሚቀረው ነው። ተኝቷል ማለት ድኗል ማለት አይደለም፤ ሊያገረሽ ይችላል።

ሉፐስ የሰውነት መከላከያ ዞሮ የራሱን አካል ሲያጠቃ የሚመጣ ሕመም ነው። መገጣጠሚያ ላይ ወይም ቆዳ ላይ ሲያገረሽ ሰው ያውቀዋል። ኩላሊት ግን ብዙ ጊዜ አያምም። ሰው ሥራውን እየሠራ፣ እንቅልፉን እየተኛ ደም የሚያጠሩት የኩላሊቱ ማጣሪያዎች ይጎዳሉ። ጠባሳ የሆነ ማጣሪያ ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም። ስለዚህ ደህና ነኝ ቢሉም በየ3 ወሩ ገደማ የሽንትና የክሬቲኒን (ኩላሊት ከደም የሚያወጣው ቆሻሻ) ምርመራ ያስፈልጋል።

መድኃኒት የሚያቋርጡትን መቆጣት አልወድም። ለሕመሙ የሚሰጠው ስቴሮይድ ፊት ያሳብጣል፣ ክብደት ይጨምራል፣ እንቅልፍ ይነሳል። «ደህና ከሆንኩ ለምን እውጣለሁ?» ተገቢ ጥያቄ ነው። በ2022 የወጣ የፈረንሳይ ጥናት ይህንኑ መርምሯል። ከ2 እስከ 3 ዓመት ታክመው ሕመሙ የተኛላቸው ሰዎች ለሁለት ተከፈሉ። የሉፐስ መሠረታዊ መድኃኒት የሆነውን ሃይድሮክሲክሎሮኪንን ሁሉም ቀጠሉ። የሰውነት መከላከያን የሚገቱትን ማይኮፊኖሌት ወይም አዛቲዮፕሪን ካቆሙት 44 ሰዎች ውስጥ በ2 ዓመት ጊዜ 12ቱ ኩላሊታቸው ላይ አገረሸባቸው። ከቀጠሉት 40 ውስጥ ግን 5ቱ ብቻ። ልብ በሉ፣ ካቆሙት የሚበዙት አላገረሸባቸውም። ማቆም ይቻላል። ግን ጊዜው ሲደርስ፣ ከሐኪም ጋር ተመክሮ፣ ሽንቱ እየታየ ነው። በራስ ውሳኔ አንድ ቀን ጠዋት መተው ሌላ ነገር ነው።

ይህን ደግሞ ሴቶች ቀድመው ሊሰሙት ይገባል፤ ሉፐስ በብዛት የሚይዘው በመውለጃ ዕድሜ ያሉትን ነውና። ማይኮፊኖሌት ፅንስን ይጎዳል፣ ከእርግዝና በፊት በሌላ መድኃኒት መተካት አለበት። ሃይድሮክሲክሎሮኪን ግን በእርግዝናም ይቀጥላል። ሕመሙ ቢያንስ 6 ወር ከተኛ በኋላ ማርገዝ ይመከራል። ብዙዎች ይህን የሚሰሙት ካረገዙ በኋላ ነው፣ ያኔ ደንግጠው ሁሉንም ክኒን በአንድ ጊዜ ይጥላሉ። «ሕመሙ ተኝቷል» በተባለበት ክፍል ውስጥ 5 ደቂቃ ተጨምሮ ቢነገራቸው ኖሮ ባልደነገጡ ነበር።