ሀራራዬን በደብተር

ስለ ሱስ ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ «ጎልማሳ ሰው ስለ ሱሱ ራሱ ሲማር ማቆሙ ይቀለዋል» ይላል። በእኔ የደረሰው ይኸው ነው። 54 ዓመቴ ነው። ጫት የጀመርኩት የጭነት መኪና ረዳት ሳለሁ ነው።

ለዓመታት የሰማሁት «ተው» ብቻ ነበር። ከሰዓት ሲሆን ለምን ሀራራ እንደሚይዘኝ የነገረኝ የለም። ልጄ በስልክ ማንበብ ስታሳየኝ ነው ነገሩ የገባኝ። ቅጠሉ ውስጥ ካቲኖን የሚባል አነቃቂ አለ፤ ከአምፌታሚን ጋር ይቀራረባል። ቅጠሉ ሲጠወልግ ኃይሉ ይቀንሳል። ለካ የጫት መኪኖች እንደዚያ የሚበሩት ወደው አይደለም! ስንት ዓመት በዚያ መንገድ ስመላለስ አላወቅኩም።

ከዚያ የልጄን አሮጌ ደብተር ወስጄ መጻፍ ጀመርኩ። ሀራራው ስንት ሰዓት መጣ? ከማን ጋር ነበርኩ? ምሳ በልቻለሁ? በሦስተኛው ሳምንት ገባኝ፤ ከቅጠሉ ይልቅ የናፈቀኝ የበርጫው፣ አብሮ ተቀምጦ የመቃሙ፣ ወሬ ነው። ምርቃናውን፣ ማለትም የጫቱን ሞቅታ፣ ለመስበር ብዬ የለመድኩት ጨብሲ፣ ከጫት በኋላ የሚጠጣው መጠጥ፣ ደግሞ ሌላ ሱስ ሆኖብኛል። ጽሑፉ ይህን ጭራሽ አላነሳውም።

ጫት ሲቀር በእንቅልፍ የሚመጣው ቅዠት፣ ዱካኩ፣ ከባድ ነው፣ አልዋሽም። ሁለቴ ተመልሼ ገብቻለሁ። በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣ ሰው ግን በደብተር ብቻ እንዳይሞክር። መጠጥን በድንገት ማቆም ሊያንዘፈዝፍ፣ ሊገድልም ይችላል፤ ሐኪም ያስፈልጋል።

አሁን ከሰዓት በኋላ የኤሌክትሪክ ጥገና እማራለሁ። አብረውኝ የሚማሩት ልጆች «አባባ» ይሉኛል። እሱ ብቻ ነው የሚያናድደኝ።