ለክቡር የስዊቻችን የትእዛዝ መስመር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ «አድ» (ጨምር) የምትባለውን ቃል ይመለከታል

በቅድሚያ፣ የቢሮአችንን ኮምፒውተሮች ለሚያገናኘው ስዊች ትእዛዝ ስንጽፍ ለሚቀበሉን ለእርስዎ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ትናንት አለቃዬ ከኋላዬ ቆመው «እስኪ ሥራችሁን ልየው» ባሉበት ሰዓት ስላደረጉልኝ ትብብር ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የጠየቅኩት ትንሽ ነገር ነበር። የብዙ ቪላኖችን (በቁጥር የተለያዩ የኔትወርክ ክፍሎችን) መረጃ በአንድነት በሚያሳልፈው መስመር፣ በትራንኩ ላይ፣ ቪላን 10 እና 20 ያልፋሉ፤ 30ም ይለፍ። «ስዊችፖርት ትራንክ አላውድ ቪላን 30» ብዬ ጻፍኩ። እርስዎም 30ን አስገብተው ነባሮቹን ከደጅ አስወጧቸው። ለካስ ከቁጥሩ በፊት «አድ» ካልተባለ፣ የነበረው ሁሉ ይሰረዝ እንደተባለ ይቆጠራል! እኔ ራሴ የገባሁት በቪላን 10 በኩል ነበርና ጠቋሚው ባለበት ደርቆ ቀረ። አለቃዬ ስክሪኑን አዩ፣ እኔን አዩ፤ «አሁን ምን እየሠራ ነው?» አሉ። ከየክፍሉ ስልክ መጮኽ ጀመረ። በቀጥታ ስዊቹ ላይ የሚሰካውን የኮንሶል ገመድ አንጠልጥዬ ስሮጥ መጥቼ በ9600 ፍጥነት ስገናኝዎ፣ # ምልክትዎን ዘርግተው ቀጣዩን ትእዛዝ በእርጋታ ይጠብቃሉ።

ጥንቃቄ የማያውቁ ቢሆኑ ኖሮ ባልከፋኝ። በፖርቶች (በገመድ መሰኪያዎች) ያለፈውን መረጃ የሚቆጥረውን ቆጣሪ ወደ ዜሮ መልስ ስልዎት «አረጋግጥ» ይሉኛል። ቆጣሪ! አንድ ፎቅ ሙሉ ሰው ሲቆረጥ ግን ትንፍሽ የለም። ምነው አንተ? አንዲት ፊደል ስትዛነፍ ከሥሯ ቀስት ተክለህ በሰው ፊት የምታሳጣኝ አንተ አይደለህም? ያን ጊዜ አፍህን ማን ለጎመው? ሰው ሥራውን ሊያጣ ይችል ነበር እኮ!

ይቅርታ፣ ወደ አክብሮታችን እንመለስ።

10 ደቂቃ ዝም ካልኩ ማባረርዎን ለምጄዋለሁ። በየ24 መስመሩ «ሞር» (ገና አለ) እያሉ መቆምዎንም እንዲሁ። የስም ፍለጋዎ ግን ይለያል። ትእዛዝ ሲሳሳት «አላውቀውም» ማለት ሲችሉ፣ የኮምፒውተር ስም ነው ብለው ወደ 255.255.255.255፣ ማለትም በኔትወርኩ ላለ ሁሉ፣ ይጮኻሉ። ማንም አይመልስም፤ እርስዎም ተስፋ አይቆርጡም። ለማስቆም ኮንትሮል፣ ሺፍትና 6ን አንድ ላይ መጫን አለብኝ፤ በገና የምማር ይመስል። ይህን ፍለጋ የሚያጠፋ ትእዛዝ እንዳለ አውቃለሁ፤ እያንዳንዱን አዲስ መሣሪያ ስረከብ የመጀመሪያ ሥራዬ እርሱን መጻፍ ሆኗል።

ልመናዬ አንድ ነው፦ ነባሩን ከመሰረዝዎ በፊት ለቆጣሪው የሚሰጡትን ክብር ለእኛም ይስጡን። እስከዚያው ትራንክ ከመንካቴ በፊት «ሪሎድ ኢን 10» (ከ10 ደቂቃ በኋላ እንደገና ተነሥ) እላለሁ። ከቆረጡኝ በ10 ደቂቃ ራስዎ ጠፍተው ይነሣሉ፤ ያላስቀመጥኩትንም ሁሉ ይረሱታል።

ከሰላምታ ጋር